ካሊፎርኒያ ውስጥ ላይሰንስ ላለን ባለሙያዎች፦ ስለ ፕሮፌሽናል ኮርፖሬሽን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ ሎስ አንጀለስ የምኖር ነርስ ፕራክቲሽነር (ታካሚ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ) ነኝ። የራሴን ነርሲንግ ኮርፖሬሽን ካቋቋምኩ ወዲህ ቤተክርስቲያን ግቢም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ስልክም ላይ ያው ጥያቄ ነው የሚመጣልኝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ከምመልስ ብዬ አንድ ላይ ጻፍኩት። የምጽፈው የካሊፎርኒያን ነው፣ ሌላ ስቴት ያላችሁ ወደ ታች ትንሽ አለላችሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ሕጉን ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ፣ ስህተቱንም ከፍዬበታለሁ። አንዷን ነገር ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይገባችኋል፦ እዚህ ስቴት የሙያ ድርጅት የሚቆመው በላይሰንስ ነው እንጂ በገንዘብ አይደለም። ማን ሼር ይይዛል፣ ስሙ ምን ይባላል፣ ሰው ሲሞት ማን ይወስደዋል፣ ሁሉም ከላይሰንሱ ነው የሚመጣው።

ፕሮፌሽናል ኮርፖሬሽን ምንድነው? ከተራው ኮርፖሬሽን በምን ይለያል?

ላይሰንስ ከሌላችሁ ጭራሽ ልትሰሩት የማትችሉትን ሥራ ለመስራት የሚቋቋም ኮርፖሬሽን ነው፣ ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ የጥርስ ሕክምና፣ ሳይኮሎጂ፣ ጥብቅና፣ የሂሳብ ሙያ እና የመሳሰሉት። ሕጉ ሞስኮኒ-ኖክስ ይባላል፣ ከ1968 ጀምሮ ያለ ነው። ከተራው የሚለየው ዋናው ነገር ባለቤትነቱ ላይ ነው፣ ተራ ኮርፖሬሽን ሼር ማንም መግዛት ይችላል፣ የዚህን ግን በዛ ሙያ ወይም ሕጉ በስም በዘረዘራቸው ተዛማጅ ሙያዎች ላይሰንስ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። እንደ ግለሰብ መስራትም ይቻላል፣ ማለትም ምንም ድርጅት ሳታቋቁሙ በስማችሁና በላይሰንሳችሁ። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፣ ኮርፖሬሽን የግድ ይመስለዋል፣ ገና ሥራው ካልተጠናከረ አትቸኩሉ ነው የምለው።

ሁሉም ሰው ኤልኤልሲ አይደል የሚከፍተው? እኔስ ለምን አልችልም?

ጓደኛችሁ ሊሙዚን ወይም ሬስቶራንት ስላለው ነው ኤልኤልሲ (ለተራ ንግድ የሚሆን፣ ባለቤቱን ከድርጅቱ ዕዳ የሚጋርድ ቀለል ያለ ድርጅት) የከፈተው። የካሊፎርኒያ የኤልኤልሲ ሕግ ኤልኤልሲ ፕሮፌሽናል አገልግሎት መስጠት እንደማይችል በግልጽ ይላል። ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት (ድርጅት የሚመዘግበው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) ግን ስታስገቡ አያቆማችሁም፣ ክፍያውን ተቀብሎ ይመዘግባችኋል፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው፣ ከተመዘገበልኝ ተፈቀደልኝ ማለት ነው ብሎ ያስባል።

እኔም የሆንኩት ይሄንኑ ነው። ታክስ የሚሰራልኝ ሰው በሁለት ቀን ኤልኤልሲ ከፈተልኝ፣ ደስ ብሎኝ ባንክ አካውንት ከፈትኩ፣ ካርድ አሳተምኩ። ከዛ አንድ ኢንሹራንስ ጋር ኮንትራክት ልፈርም ስል የድርጅቱን ወረቀት አምጪ አሉኝ፣ ላኩኝ፣ በዚህ አንቀበልም ብለው መለሱት። ዘግቼ እንደ አዲስ ኮርፖሬሽን ማቋቋም ነበረብኝ፣ አዲስ የታክስ ቁጥር፣ አዲስ የድርጅት ኤንፒአይ (ኢንሹራንስ ቢል ለማድረግ የሚጠየቅ መለያ ቁጥር)፣ ክሬደንሺያሊንጉን (ኢንሹራንሶቹ አጣርተው የሚቀበሉበትን ሂደት) ከዜሮ፣ ወራት ሙሉ ታካሚ እያየሁ ቢል ማድረግ አልቻልኩም። ኪራዩን የከፈልኩት ሆስፒታል ሌሊት ሺፍት እየጨመርኩ ነው። ልጄ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች፣ የትምህርት ቤቷን ዝግጅት ሁለቴ ቀርቻለሁ። ለዛ ነው ይሄን ነገር ለሰው ሁሉ ስናገር የማይደክመኝ።

በዛ ላይ የገንዘቡም ነገር አለ። ኤልኤልሲ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ 800 ዶላር ለስቴቱ ይከፍላል፣ አዲስ ኮርፖሬሽን ግን በመጀመሪያ የታክስ ዓመቱ ከዚህ ከ800ው ሚኒመም ነፃ ነው።

ባለቤቴ አብሮኝ ነው የለፋው፣ ግማሹን ሼር በሱ ስም ማድረግ እችላለሁ?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ልቤ ይከብደኛል ምክንያቱም መልሱን የሚሰማው ሰው ቅር ይለዋል። ባለቤትሽ ላይሰንስ ከሌለው አንድም ሼር መያዝ አይችልም። አንድ ፐርሰንትም ቢሆን። አንቺ ለኤንክሌክስ (ለነርስ ላይሰንስ ፈተናው) ስታጠኚ ልጆቹን የያዘ፣ ኡበር ነድቶ ትምህርት ቤትሽን የከፈለ ሰው መሆኑን ሕጉ አያይም።

ግን የሚቻል ነገር አለ፣ እሱን ልብ በሉ። ሼርሆልደሯ አንድ ሰው ብቻ ከሆነች ዳይሬክተርም፣ ፕሬዚዳንትም፣ ገንዘብ ያዥም እሷ ራሷ መሆን አለባት፣ ሌሎቹ ቦታዎች ግን ላይሰንስ አይጠይቁም። ስለዚህ ባልሽ ጸሐፊ ወይም ምክትል ፕሬዚዳንት መሆን ይችላል። በደሞዝ ኦፊስ ማኔጀር አድርጎ መቅጠርም ይቻላል፣ እውነት የሚሰራ ከሆነና ደሞዙ ለሥራው የሚመጥን ከሆነ። ሼርሆልደሮቹ ሁለት ከሆኑ ግን ነገሩ ይለያል፣ ያኔ የኃላፊነት ቦታዎቹን ሁለቱ ባለላይሰንሶች ናቸው ተካፍለው የሚይዙት።

ደግሞ ሼር የለውም ማለት መብት የለውም ማለት አይደለም፣ ካሊፎርኒያ የባልና ሚስት ሀብት የጋራ ነው የሚባልበት ስቴት ነው፣ በትዳር ውስጥ የተገነባ ፕራክቲስ ዋጋው ፍቺ ቢመጣ ይቆጠራል። ባሎችም ሚስቶችም ይሄን ብታውቁ ቤት ውስጥ ያለው ቅሬታ ይቀንሳል ብዬ ነው።

ሀገር ቤት ዶክተር የነበረ ወንድሜ፣ ወይ ገንዘብ ያለው ዘመዴ አብሮኝ ባለቤት ቢሆንስ?

ጥቁር አንበሳ ሃያ ዓመት ያከመ ሰው ቢሆንም እዚህ ላይሰንስ እስኪያወጣ ድረስ ሼር መያዝ አይችልም። በደሞዝ አድሚኒስትሬተር ሆኖ መስራት ይችላል፣ ታካሚ አያይም፣ የሕክምና ውሳኔም አይወስንም። ገንዘብ ያለው ዘመድ ደግሞ ማበደር ይችላል፣ በወረቀት፣ ከነወለዱና ከነመክፈያ ጊዜው። ትርፍ ይካፈላል የሚል ውል ግን እንዳትጽፉ፣ በቃልም አትስማሙ።

ሌላው መንገድ ማኔጅመንት ካምፓኒ የሚባለው ነው፣ ዘመዳችሁ ወይ ባለቤታችሁ ተራ ኤልኤልሲ ይከፍታል፣ ቢሮውን ይከራያል፣ ዕቃውን ይገዛል፣ ቢሊንጉንና ስልኩን ይይዛል፣ የናንተ ኮርፖሬሽን ደግሞ ለዚህ አገልግሎት ይከፍለዋል። ይሄ ሕጋዊ ነው፣ ብዙ ክሊኒኮችም እንዲህ ነው የሚሰሩት። ክፍያው ግን ለተሰጠው አገልግሎት የገበያ ዋጋ መሆን አለበት፣ ማን ይታከም፣ ስንት ደቂቃ ይታይ፣ ምን ይታዘዝ የሚለው ደግሞ የባለላይሰንሱ ብቻ ነው። ይሄን ውል ግን በራሳችሁ አትጻፉት፣ የጤና ጠበቃ ጋ ሂዱ። እዚህ ወጪ ላይ መቆጠብ ያዋጣል ብዬ አላምንም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ታካሚ ላመጣ ሰው ኮሚሽን መክፈል ክልክል ነው። በኛ ኮሚኒቲ ለደላላ መክፈል የለመደ ነገር ስለሆነ ሰው በቅንነት ይገባበታል፣ ሕጉ ግን ወንጀል ነው የሚለው፣ ላይሰንስም ያሳጣል።

እኔ ነርስ ነኝ ጓደኛዬ ዶክተር ነው፣ አብረን መክፈት እንችላለን?

ትችላላችሁ፣ ግን መጀመሪያ የምን ኮርፖሬሽን ነው የሚለው ይወሰን። ሜዲካል ኮርፖሬሽን ከሆነ ሐኪሞቹ ቢያንስ 51 በመቶ መያዝ አለባቸው፣ ነርሶች፣ ፊዚሺያን አሲስታንቶች፣ ፋርማሲስቶች፣ ፊዚካል ቴራፒስቶችና ሌሎችም በሕጉ የተዘረዘሩት ሁሉም ተደምረው እስከ 49 በመቶ። ነርሲንግ ኮርፖሬሽን ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ ነርሶቹ ይበልጣሉ፣ ሐኪሙ አናሳ ነው። ሌላም የቁጥር ሕግ አለ፣ ሰው የሚረሳው፦ የተዛማጅ ሙያ ሼርሆልደሮች ቁጥር ከዋናዎቹ መብለጥ አይችልም። አንድ ሐኪምና ሁለት ነርሶች፣ ነርሶቹ አስር አስር በመቶ ብቻ ቢይዙም እንኳ፣ አይሆንም።

ሜድ ስፓ መክፈት ለምትፈልጉ ነርሶች፣ አውቃለሁ ብዙ ናችሁ። ቦቶክስና ሌዘር ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደ ሕክምና ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ድርጅቱ ሐኪም በብዛት የያዘው ሜዲካል ኮርፖሬሽን መሆን አለበት፣ እናንተ እስከ 49 በመቶ። በወር ትንሽ ብር እየተከፈለው ስሙን ብቻ የሚያከራይ «ሜዲካል ዳይሬክተር» ይዛችሁ በራሳችሁ ኤልኤልሲ እንዳትገቡበት፣ ሁለታችሁም ላይሰንሳችሁ ላይ ነው የምትጫወቱት።

ነርስ ፕራክቲሽነሮች ደግሞ፣ ኤቢ 890 የሚባለው ሕግ መንገድ ከፍቶልናል። ከ2023 ጀምሮ 103 እና 104 የሚባሉ ሁለት ደረጃዎች አሉ። 103 ሐኪም ባለበት ተቋም ውስጥ ስታንዳርዳይዝድ ፕሮሲጀር (ከሐኪም ጋር የሚደረግ የጽሑፍ የአሠራር ስምምነት) ሳያስፈልግ የሚሰራበት ነው፣ 104 የራስን ክሊኒክ ለብቻ መክፈት ያስችላል፣ ግን 103 ሆናችሁ ቢያንስ 3 ዓመት መስራት አለባችሁ። ሁለቱም ከሌላችሁ ኮርፖሬሽን ማቋቋም ብቻውን ከሐኪም ጋር ያለውን ስምምነት አያስቀርላችሁም።

ሆም ኬር ወይም ቦርድ ኤንድ ኬር ልከፍት ነው፣ ፕሮፌሽናል ኮርፖሬሽን ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። እነዚህ ላይሰንሳቸው የተቋም ነው፣ የግለሰብ ሙያ አይደለም። ሕክምና የሌለበት ሆም ኬር እና ቦርድ ኤንድ ኬር (አረጋውያን እየኖሩ የሚጦሩበት ቤት) ከሶሻል ሰርቪስስ ዲፓርትመንት ነው ላይሰንስ የሚያወጡት፣ ሆም ሄልዝ ኤጀንሲ (ቤት ድረስ ሕክምና የሚሰጥ) ደግሞ ከፐብሊክ ሄልዝ ዲፓርትመንት። በተራ ኤልኤልሲም በተራ ኮርፖሬሽንም ይሆናል፣ ባለቤትሽም እህትሽም ሼር ሊይዙ ይችላሉ። ከቤተሰብ ጋር አብሮ መስራት ለምትፈልጉ ብዙ ጊዜ ይሄ ይሻላል እላለሁ።

ፋርማሲም እንዲሁ በተራ ኮርፖሬሽን ይያዛል፣ ግን ባልየው ሐኪም ሚስትየው ፋርማሲስት የሆኑ ሰዎች ተጠንቀቁ፦ መድኃኒት የሚያዝ ሰው የፋርማሲ ባለቤት መሆን አይችልም፣ ክልከላው ከሱ ጋር የጋራ ጥቅም ያለውንም ሰው ይይዛል። ለፋርማሲው ብላችሁ ቤት ሳትሸጡ በፊት ጠይቁ።

ስም እንዴት ላውጣለት? «ሰላም ክሊኒክ» ማለት እፈልጋለሁ

ነርሲንግ ኮርፖሬሽን ከሆነ ስሙ ውስጥ «ነርሲንግ» ወይም «ሬጂስተርድ ነርሲንግ» የሚል ቃል መኖር አለበት፣ ኮርፖሬሽን መሆኑን የሚያሳይ ቃልም እንዲሁ። ሐኪሞች በራሳቸው ስም ካልሆነ በሌላ ስም ለመስራት ከሜዲካል ቦርዱ የፊክቲሸስ ኔም ፐርሚት ማውጣት አለባቸው። ሰላም የሚለውን ቃል አልከለከሏችሁም፣ ከጎኑ የሚገባውን ጨምሩበት ነው።

ከየት ልጀምር? ስንትስ ያስወጣል?

ከሙያ ቦርዳችሁ ጀምሩ። ለምሳሌ ሎየሮች ለስቴት ባር፣ ሲፒኤዎች (ላይሰንስ ያላቸው የሂሳብ ባለሙያዎች) ለአካውንታንሲ ቦርዱ ኮርፖሬሽኑን ራሱን ማስመዝገብ አለባቸው፣ ሐኪምና ነርስ ግን ቦርዱ ጋ የተለየ የኮርፖሬሽን ምዝገባ የለብንም። ከዛ ቢዝፋይል በሚባለው የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ዌብሳይት ገብታችሁ ለፕሮፌሽናል ኮርፖሬሽን የተዘጋጀውን አርቲክልስ (የማቋቋሚያ ሰነድ) ታስገባላችሁ፣ የተራውን እንዳትሞሉ፣ ክፍያው 100 ዶላር ነው። ሲመለስላችሁ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ዌብሳይት ላይ የታክስ ቁጥር ታወጣላችሁ፣ ይሄ በነፃ ነው፣ በነፃ! ጎግል ላይ ከላይ የሚወጡት ገንዘብ የሚጠይቁ ድረገጾች አይአርኤስ አይደሉም። በ90 ቀን ውስጥ ስቴትመንት ኦፍ ኢንፎርሜሽን (የድርጅቱ አድራሻና ኃላፊዎች የሚገለጹበት ቅጽ) ታስገባላችሁ፣ 25 ዶላር፣ እሱ በየዓመቱ ነው። ባይሎው (የድርጅቱን የውስጥ ደንብ) ትጽፋላችሁ፣ የመጀመሪያውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ትይዛላችሁ፣ ብቻችሁን ብትሆኑም፣ የሼር ሰርተፊኬት ለራሳችሁ ትሰጣላችሁ። ከዛ ባንክ፣ የከተማው ቢዝነስ ላይሰንስ፣ ደሞዝ መክፈል ስትጀምሩ ኢዲዲ (የደሞዝ ታክስ የሚሰበስበው የስቴቱ መሥሪያ ቤት)።

የጤና ሰዎች ከዚህ በኋላ ነው ረጅሙ መንገድ የሚጀምረው። የራሳችሁ ኤንፒአይ አለ፣ ድርጅቱ ደግሞ ታይፕ 2 የሚባል የራሱ ኤንፒአይ ይፈልጋል፣ ሜዲኬር፣ ሜዲ-ካል (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሆነው የስቴቱ ኢንሹራንስ)፣ የግል ኢንሹራንሶች እያንዳንዳቸው በአዲሱ የታክስ ቁጥር እንደገና ኮንትራክት ያደርጋሉ፣ ሦስት አራት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ሥራችሁን ለቅቃችሁ ሳይሆን ሥራ ላይ እያላችሁ ጀምሩት።

ዓመቱ ሊያልቅ አካባቢ የምትከፍቱ ከሆነ ደግሞ አርቲክልሱን አሁን አስገብታችሁ የሚጸናበትን ቀን እስከ 90 ቀን ወደፊት ማድረግ ትችላላችሁ፣ ጃንዋሪ 1 ብትሉ ለአንድ ወር ብላችሁ ሙሉ የታክስ ሪተርን ከመሙላት ትድናላችሁ።

ኤስ ኮርፕ ማለት ሌላ ድርጅት ነው? ምን ያህል ታክስ ያድናል?

ሌላ ድርጅት አይደለም፣ ያው ኮርፖሬሽን በታክስ ብቻ የሚመርጠው አኳኋን ነው። ፎርም 2553 የሚባለውን በ2 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ለአይአርኤስ ትልካላችሁ። ካለፈባችሁ አትደንግጡ፣ በቂ ምክንያት ካላችሁ ዘግይቶ የመቀበያ ደንብ አለ፣ ግን ባታሳልፉት ይሻላል። ካልመረጣችሁ ሲ ኮርፕ ናችሁ፣ ድርጅቱ ለፌዴራል 21 በመቶ ለካሊፎርኒያ 8.84 በመቶ ከፍሎ የቀረውን ደግሞ ስታወጡ እናንተ እንደገና ትከፍሉበታላችሁ።

ስለ ቁጠባው ግን ብዙ የተጋነነ ነገር ስለሚወራ በቁጥር ላሳያችሁ። ወጪዋ ተቀንሶ 220,000 ዶላር የሚቀራት ነርስ ፕራክቲሽነር እንውሰድ፣ የ2025 ቁጥሮች ናቸው። በግሏ ብትሰራ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሷ (የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ) 27,700 ዶላር ገደማ ይመጣል። ኤስ ኮርፕ ሆና ለራሷ 150,000 ደሞዝ ብትከፍል ያው መዋጮ በደሞዙ ላይ 15.3 በመቶ፣ 22,950 ነው። ልዩነቱ 4,750 አካባቢ። ከዛ ላይ ካሊፎርኒያ፣ ደሞዙና ድርጅቱ የሚከፍለው የመዋጮው ግማሽ ተቀንሶ ከቀረው ትርፍ፣ 1.5 በመቶ ትወስዳለች፣ ወደ 880 ዶላር (ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ከ800 አይወርድም)። ቀሪው 3,900 አይሞላም፣ የፔይሮሉንና የአካውንታንቱን ክፍያ ስትቀንሱ የሚተርፈውን አስቡት። በደሞዙ ላይ የስቴት ዲስኣቢሊቲም አለ፣ 1.2 በመቶ ነበር፣ ብቸኛ ሼርሆልደር ከሆናችሁ ለኢዲዲ ፎርም ሞልታችሁ ከሱ መውጣት ይቻላል፣ ግን ስትታመሙ ወይ ስትወልዱ ክፍያውም አይኖርም፣ እኔ ለወጣት እናቶች ውጡ አልልም።

ያተርፋል፣ አዎ። ግን «ግማሽ ታክስ ይቀንስልሻል» የሚላችሁን ሰው ቁጥሩን ወረቀት ላይ አውርድልኝ በሉት።

ለራሴ ትንሽ ደሞዝ አድርጌ የቀረውን ዲስትሪቢውሽን (የትርፍ ድርሻ) ብዬ ባወጣስ?

አይአርኤስ የሚያየው ይሄንኑ ነው። ሌላ ሰው ቀጥራችሁ ያን ሥራ ብታሰሩት የምትከፍሉትን ያህል ለራሳችሁ መክፈል አለባችሁ። ሙሉ ጊዜዋን ታካሚ የምታይ ነርስ ፕራክቲሽነር ለራሷ 40,000 ዶላር ደሞዝ ብትጽፍ የሚያምን የለም፣ ሲደርሱባት ከነቅጣቱ ነው። የኤስ ኮርፑ ሪተርን ማርች 15 ነው፣ ኤፕሪል አይደለም፣ ካሳለፋችሁ ለእያንዳንዱ ሼርሆልደር በየወሩ ከ200 ዶላር በላይ ቅጣት አለው፣ የምትከፍሉት ታክስ ባይኖርም።

ኮርፖሬሽን ካለኝ ሆስፒታሉ ወይ ኤጀንሲው በ1099 (እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ኮንትራክተር) ይከፍለኛል አይደል?

ይሄ ነው ነርሶችን የሚያሳስታቸው። ኤቢ 5፣ ማለትም ሠራተኛን ኮንትራክተር ብሎ ማሰራትን የሚያጠብቀው ሕግ፣ ከ2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ሐኪሞችን፣ የጥርስ ሐኪሞችን፣ ፖዲያትሪስቶችን፣ ሳይኮሎጂስቶችን፣ ጠበቆችን፣ አካውንታንቶችን ለየብቻ ነፃ አድርጓል። ነርስና ፋርማሲስት እዛ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ኮርፖሬሽን ስላላችሁ ብቻ ኮንትራክተር አትሆኑም። ቢዝነስ ለቢዝነስ የሚባል መንገድ አለ፣ 12 መስፈርት አለው፣ ሁሉም መሟላት አለባቸው፣ ለምሳሌ ለሌላም ደንበኛ መስራት መቻል፣ የራሳችሁን ዋጋ መደራደር፣ በነሱ ቁጥጥር ስር አለመሆን። ሺፍቱን እነሱ መድበው፣ በነሱ ዕቃ፣ በነሱ ሱፐርቫይዘር ስር እየሰራችሁ በ1099 ተከፈሉ ከተባላችሁ ኦቨርታይሙንም፣ ሲክ ሊቩንም፣ ስትጎዱ የሚከፈላችሁንም ነው የተነጠቃችሁት። ዝም ብላችሁ ኮርፖሬሽን ከፍታችሁ አታመቻቹላቸው።

ከተከሰስኩ ቤቴን ይወስዱብኛል?

በራሳችሁ እጅ ለሰራችሁት የሙያ ስህተት ኮርፖሬሽኑ አይጋርዳችሁም፣ ይሄን አንድም ሰው እንዳይረሳው እፈልጋለሁ። ለዛ ያለው ማልፕራክቲስ ኢንሹራንስ ነው። ኮርፖሬሽኑ የሚጋርደው ከሌላው ነው፣ የቢሮ ኪራይ ውል፣ የዕቃ ዕዳ፣ ሰው ወለሉ ላይ ቢንሸራተት፣ አብሯችሁ ባለቤት የሆነ ሰው በራሱ ታካሚ ላይ የሰራው ስህተት። ኪራዩን ግን ብዙ ጊዜ አከራዩ በግላችሁም ፈርሙ ይላችኋል፣ ከፈረማችሁ ለሱ ያለው ከለላ ሄደ።

ኢንሹራንሱ ላይ የእናንተም የኮርፖሬሽኑም ስም ይግባ። ክሌምስ-ሜድ (ክሱ ሲመጣ ኢንሹራንሱ ካለ የሚከፍል) ነው ወይስ ኦከረንስ (ነገሩ ሲፈጠር ኢንሹራንሱ ከነበረ የሚከፍል) ብላችሁ ጠይቁ፣ ክሌምስ-ሜድ ከሆነ ስትቀይሩ ቴይል የሚባል ማራዘሚያ መግዛት አለባችሁ፣ አለበለዚያ ዛሬ ላያችሁት ታካሚ ከሁለት ዓመት በኋላ ክስ ቢመጣ ባዶ እጃችሁን ናችሁ።

እቁቤን ከኮርፖሬሽኑ አካውንት ብከፍል ችግር አለው?

አለው። የእቁብ፣ የእድር፣ ለእናት ሀገር ቤት የሚላክ፣ የልጅ ክርስትና፣ ከዛ አካውንት መውጣት የለበትም። ለራሳችሁ ደሞዝ ወይም ዲስትሪቢውሽን ብላችሁ ወደ ግል አካውንታችሁ አዙሩ፣ ከዛ የፈለጋችሁትን። አንድ ቀን ክስ ቢመጣ የሌላኛው ወገን ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው የባንክ ስቴትመንት ነው፣ የግልና የድርጅት ገንዘብ ከተደባለቀ ኮርፖሬሽኑ ለስም ብቻ ነው ይላል፣ ዳኛም ሊስማማ ይችላል። በየዓመቱ ቃለ ጉባኤ ጻፉ የምለውም ለዚህ ነው፣ አንድ ገጽ ይበቃል።

ከሳክራሜንቶ (ከስቴቱ መንግሥት) የመጣ የሚመስል ደብዳቤ መጣብኝ፣ ክፈይ ይላል

በተቋቋማችሁ በሳምንታት ውስጥ ይመጣል። ማኅተም የሚመስል ነገር አለው፣ የመክፈያ ቀን አለው፣ አንድ ሁለት መቶ ዶላር ይጠይቃል። ብዙው የግል ድርጅት ማስታወቂያ ነው፣ በትናንሽ ፊደል የመንግሥት እንዳልሆነ ተጽፎበታል። የስቴትመንት ኦፍ ኢንፎርሜሽን ዋጋ 25 ዶላር ነው፣ ራሳችሁ ቢዝፋይል ላይ በአስር ደቂቃ ትጨርሱታላችሁ። የባለቤትነት ሪፖርት ፊንሰን ለሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ካላስገባችሁ ትቀጣላችሁ የሚልም ካለ፣ ከማርች 2025 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተቋቋሙ ድርጅቶች ከዛ ነፃ ሆነዋል።

ዋዮሚንግ ወይ ደላዌር ብከፍተው አይረክስም?

የምትሰሩት ካሊፎርኒያ ከሆነ አይረክስም። እዚህ መመዝገብ አለባችሁ፣ 800ውን ትከፍላላችሁ፣ የባለቤትነት ሕጉም ይከተላችኋል፣ የዛኛውን ስቴት ወጪ ደግሞ ጨመራችሁበት ማለት ነው።

ሌላ ስቴት ነው ያለሁት

ቴክሳስ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ስቴት ፒኤልኤልሲ የሚባል አላቸው፣ ማለትም ለባለሙያ የተሰራ ኤልኤልሲ። ሜሪላንድ ኤልኤልሲውን ራሱን ለሙያ አገልግሎት ትፈቅዳለች። ኒውዮርክ ፒኤልኤልሲ ካላችሁ በ120 ቀን ውስጥ ሁለት ጋዜጣ ላይ ለስድስት ሳምንት ማሳተም አለባችሁ፣ ማንሃተን ውስጥ ውድ ነው፣ ብዙ ሰው ፒሲ (ፕሮፌሽናል ኮርፖሬሽን) የሚመርጠው ለዛ ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመዳችሁ «እኔ ኤልኤልሲ ነው ያለኝ ምንም አልሆንኩም» ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ የሱ ስቴት ሌላ ስለሆነ ነው።

ብሞትስ? ላይሰንሴ ቢታገድስ?

ማንም አይጠይቀኝም ይሄን፣ ግን እኔ ነኝ ሁልጊዜ የማነሳው። ሼርሆልደር ሲሞት ሼሩ በ6 ወር ውስጥ ለሌላ ባለላይሰንስ ወይም ለኮርፖሬሽኑ ራሱ መተላለፍ አለበት። ላይሰንሱ ከተወሰደ ወይም ከታገደ ደግሞ 90 ቀን ነው። ልጆቻችሁ፣ ሀገር ቤት ያሉ ወላጆቻችሁ፣ ባለቤታችሁ ዋጋውን ይወርሳሉ፣ ክሊኒኩን ግን ይዘው መቀጠል አይችሉም። ስድስት ወር ደግሞ አርባው፣ ሰማንያው፣ የፕሮቤት (የውርስ ፍርድ ቤት) ወረቀቱ ተደማምሮ ሳይታሰብ ያልቃል፣ በሐዘን ላይ ያለ ሰው ገዢ ሲፈልግ ባገኘው ዋጋ ነው የሚሸጠው። ታካሚዎቹም አሉ፣ መድኃኒታቸው የሚያልቅባቸው፣ ፋይላቸውን የሚፈልጉ።

እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው፦ አንዲት የምተማመንባት ነርስ ፕራክቲሽነር ጋር ጠበቃ ጋ ሄደን ተፈራረምን፣ እኔ ከሌለሁ እሷ ሼሩን ትገዛለች፣ እሷ ከሌለች እኔ የሷን፣ ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ ውሉ ላይ አለ፣ ክፍያው በላይፍ ኢንሹራንስ ነው። ታካሚዎቼን ማን እንደሚረከብም ጽፈናል። ባለቤቴ የወረቀቱን ቦታ ያውቃል፣ የሷንም ስልክ ይዟል።